በባሕር ሥር ያለ ፍል ውሃ፦ ታሪኩ ከየት ይጀምራል?

ቀይ ባሕር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ኤላትን ነው። ወይም ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን ጠረፍ በእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ተጭነው የመጡ ወገኖቻችንን። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ከመርከቦቹ በታች፣ 2,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ስላለው ነገር ነው።

በባሕር ወለል ላይ ስለሚፈልቅ ፍል ውሃ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ1977 ነው። ያኔ አልቪን በተባለች ሰርጓጅ የወረዱ ተመራማሪዎች ጋላፓጎስ አጠገብ ውሃው ሲፈልቅ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጨለማም ሕይወት ዙሪያውን ሞልቶት በዓይናቸው አዩ። እውነት ነው፣ ትልቅ ቀን ነበር። እኔ ግን ታሪኩ ከዚያ በፊት፣ እዚሁ ጎረቤታችን ባለው ባሕር ጀምሯል ባይ ነኝ።

በ1948 አልባትሮስ የተባለች የስዊድን መርከብ ከቀይ ባሕር ጥልቅ የቀዳችው ውሃ ከሚጠበቀው በላይ ሞቃትና ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። በ1964 የእንግሊዟ ዲስከቨሪ በሱዳንና በሳዑዲ ዓረቢያ መካከል 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለካች። በዓመቱ የአሜሪካዋ አትላንቲስ ሁለት እዚያው አቅራቢያ 56 ዲግሪ አገኘች። ሁለቱ ጎድጓዳ ቦታዎች ዛሬም የሚጠሩት በእነዚህ መርከቦች ስም ነው።

ታዲያ ውሃውን ምን አሞቀው? አፍሪካና ዓረቢያ እየተራራቁ ስለሆነ የባሕሩ ወለል ይሳባል፣ ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛው የባሕር ውሃ በስንጥቁ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከሥር ያለው የቅልጥ አለት ሙቀት ያግለዋል። ከዚያ ዚንክ፣ መዳብና ብረት ከአለቱ አሟሙቶ በስንጥቁ ሽቅብ ይመለሳል። ስንጥቁ መውረጃውም መውጫውም ነው ማለት ነው።

ቀይ ባሕር ውስጥ ደግሞ ውሃው በመንገዱ ላይ ጥንታዊ የጨው ንጣፍ ያገኛል። ጨዋማነቱ ከተራ የባሕር ውሃ ሰባት እጥፍ ያህል ስለሚደርስ፣ ሞቃት ሆኖም ከባድ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ አይነሣም፤ ጎድጓዳው ውስጥ እንደ ሐይቅ ይተኛል። የያዘው ማዕድንም እዚያው ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል።

ጭቃው ፖለቲካም አስከትሏል። ሱዳንና ሳዑዲ ዓረቢያ በ1974 ሀብቱን በጋራ ለማልማት ተስማሙ፤ በ1979 በሙከራ ጭቃው ወደ መርከብ ተሳበ። የማን ነው? ይነካ ወይስ ይቅር? ጥያቄው ገና አልተዘጋም።

ይህ ሁሉ የመጣው አልባትሮስ ላይ የነበሩት ሰዎች ግራ የሚያጋባውን ቁጥር ሳይሰርዙ ስለመዘገቡት ነው።