ወደቅ-ነሳ፦ ለ«ስላፕስቲክ» አማርኛ ስም

ስላፕስቲክ፦ ተዋናይ እየተንሸራተተ፣ እየተጋጨና በጥፊ እየተመታ፣ ነገር ግን ሳይጎዳ፣ ተመልካች የሚያስቅበት የመድረክና የፊልም ቀልድ። አማርኛው፦ ወደቅ-ነሳ ቀልድ፤ ባጭሩ ወደቅ-ነሳ።

ለትንንሽ ልጆች የሚዘጋጅ የሰርከስና የምትሃት ትርኢት ያለ ወደቅ-ነሳ አይሟላም። አክሮባቱ ትንፋሽ ያስይዛል፣ ምትሃቱ አፍ ያስከፍታል፤ ልጁን በሳቅ የሚያንፈራፍረው ግን እግሩ ባልዲ ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረው ክላውን ነው። ሦስትና አራት ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ በእግሩ መቆም ከጀመረ ብዙ አልቆየም። ትልቅ ሰው መራመድ ሲያቅተው ማየት ለእሱ ታላቅ ድል ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል የመጣው ከአንድ የመድረክ ዕቃ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጭንብል አጥልቀው በጣሊያን አደባባዮች ይጫወቱ የነበሩ ቡድኖች አርሌኪኖ የሚባል ተንኮለኛ አሽከር ገጸ ባሕርይ ነበራቸው። በእጁ የሚይዘው ባቶኪዮ፣ በእንግሊዝኛው ስላፕስቲክ፣ የተሰኘ ዱላ ከሁለት ስስ ጣውላዎች የተሠራ ሲሆን፣ ጣውላዎቹ የሚገጣጠሙት እጀታው ላይ ብቻ ነው። ዱላው ሰው ላይ ሲያርፍ አንዱ ጣውላ ሌላውን ይመታና «ጧ!» ይላል፤ ተመቺው ግን እምብዛም አይሰማውም። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። እንዲያውም ይህ ዕቃ ወደ ኦርኬስትራ ሲገባ የተሰጠው ስም ጅራፍ ነው፤ የሞሪስ ራቬል የጂ ሜጀር ፒያኖ ኮንቼርቶ የሚከፈተው በእሱ ድምፅ ነው።

ዱላው ከመድረክ ቢወርድም ብልሃቱ አልተለወጠም፤ ድምፁ ይጎላል፣ ምቱ ይቀላል። ጥፊ ሲሰነዘር መዳፉ በጉንጭ አጠገብ ያልፋል እንጂ አያርፍም። ድምፁን የሚያሰማው ብዙ ጊዜ ተመቺው ራሱ ነው፤ ተመልካች በማያይበት በኩል እጆቹን አጋጭቶ በዚያው ቅጽበት አንገቱን ያዞራል። ሲወድቅም አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ በጭኑና በመቀመጫው በኩል ያርፋል፤ መዳፉ ወለሉን ሲመታ ቤቱ ይናጋል። ይህን ያለ አክሮባት ሥልጠና ማድረግ አጥንት ያሰብራል፤ ክላውንና ሰርከስ የማይነጣጠሉትም ለዚህ ነው።

ታሪኩ ሁልጊዜ የሚሄደው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ክላውኑ ረከቦት ይዞ ይገባል እንበል። ቡና ሲቀዳ ጫማው ላይ ያፈሳል። ጫማውን ሊጠርግ ጎንበስ ሲል ጀበናው ያዘነብልና ቀሪው ሱሪው ላይ ይፈሳል። መሐረብ ከኪሱ ይስባል፤ መሐረቡ ግን አያልቅም፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያለ ይመዘዛል፣ እግሩን ይጠልፈዋል፣ ይዘርረዋል። እዚህ ላይ ወደቅ-ነሳና ምትሃት አንድ ሆኑ ማለት ነው። ተራው ምትሃተኛ ሚስጥሩን ይደብቃል፤ ክላውኑ «ጠፋ!» ያለው መሐረብ ግን ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ልጆቹ «ከኋላህ ነው! ከኋላህ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እሱ በተቃራኒው ይዞራል። አዋቂው ያላወቀውን ልጁ አወቀ።

ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1928 በሠራው «ዘ ሰርከስ» ፊልም ይህንኑ አሳይቷል። ከፖሊስ ሲሸሽ ሰርከስ ድንኳን ውስጥ የገባው ምስኪን የምትሃተኛውን ጠረጴዛ ሳያስበው ይነካና የተደበቁት እንስሳትና ወፎች ሁሉ ያመልጣሉ፤ ተመልካቹ በሳቅ ይፈነዳል። ለሥራ ሲፈተን ሆን ብሎ ላስቅ ሲል ግን ማንም አይስቅለትም። ወደቅ-ነሳ የሚያስቀው ወዳቂው ከልቡ ሲጥር ብቻ ነው።

«ምትሃት» ማለቴ በምክንያት ነው። «አስማት» በአማርኛ ከድግምትና ከክታብ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወላጅ ሲሰማው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የመድረኩ ምትሃት ግን የእጅ ቅልጥፍናና ዓይን ማሳት ነው፤ ተጫዋቹ ቀኝ እጁን ትኩር ብሎ ሲያይ ልጁም አብሮት ያያል፣ ሳንቲሟ በግራ በኩል ትሰወራለች። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ጊዜ ተረት ሲነግሩን የኖሩት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በመድረክ ምትሃትም ይታወቁ ነበር፤ ማንም ደግሞ ጠንቋይ አላላቸውም።

የአገራችን ዘመናዊ ሰርከስ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ጅማ፣ መቀሌና ናዝሬት ተስፋፋ፤ ሰርከስ ደብረ ብርሃን በ1998፣ ፈካት ሰርከስ በ2004 ተከተሉ። የፈካት ክላውኖች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ገብተው የታመሙ ልጆችን ያስቃሉ። በሐዋሳም ወጣቶች ሰርከስን ከቴአትር አጣምረው ስለ ኤችአይቪ አስተምረውበታል።

ይህን ስም ለማስታወቂያ ለምንፈልግባት ለዲላና ለጌዴኦ ዞን ይህ ቀልድ የተለየ ጥቅም አለው። ዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ንግድ ከተማ ናት፤ በአንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ጌዴኡፋ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሲዳምኛ የሚናገሩ ልጆች ሊቀመጡ ይችላሉ። በንግግር የተሞላ ትርኢት ከፊሎቹን ባይተዋር ያደርጋል፤ መንሸራተት ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። የፈረንጅ ክላውን የሙዝ ልጣጭ ይረግጣል። በይርጋጨፌና በቡሌ ዳገት ለሚኖር ልጅ ግን ክረምት የገባበት ቀይ አፈር ይበልጥ ይገባዋል፤ ድጥ ምን እንደሚያደርግ በራሱ ሱሪ ያውቃል።

ስሙን ስንመርጥ ሌሎች አማራጮችም ሊቀርቡ ይችሉ ነበር፤ የሚጣሉበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። «የዱላ ቀልድ» መነሻውን ይገልጻል፤ ዱላን በእውነት ለሚያውቅ ልጅ ግን ቀልድ አይሆንም። «የአካል ቀልድ» በሰው አካል ወይም ጉዳት ላይ መሳለቅ ይመስላል፤ ሥራው ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው። «ወደቅ ነሳ» ግን ዳዴ ለጨረሰ ሕፃንም፣ ኑሮ ላንገዳገደው ሰውም የምንለው አነጋገር ነው፤ ዋናው ነገርም ከሁለተኛው ቃል ውስጥ አለ። ወድቆ የቀረ ሰው አያስቅም፤ የወደቀው ካልተነሳ ልጁ ያለቅሳል።

ስለዚህ መለኪያው ቀላል ነው። በሰው አነጋገር፣ በብሔሩ ወይም በጉዳቱ የሚስቅ ትርኢት ተዋናዩ መቶ ጊዜ ቢወድቅም ወደቅ-ነሳ አይባልም። ተጫዋቹን ክላውን እንላለን፤ ቃሉ ተለምዷል። ዲላ ላይ ለሚለጠፍ ማስታወቂያ «ወደቅ-ነሳ፣ ምትሃትና ሰርከስ፤ ከ3 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች» ማለት ይበቃል፤ ወላጅ ምን ሊያይ እንደሚመጣ ያውቃል።