ከኩሽኔታ እስከ ዲስክ ፍሬን

ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከእውነተኛው የዓለም ባንክ ነው። ባንኩ ገንዘብ ያወጣበት የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት እዚህ ስለነበር ሕዝቡ ቦታውን በገንዘቡ ባለቤት ስም ጠራው። ፕሮጀክቱ አለቀ፣ ፋይሉ ተዘጋ፣ ስሙ ግን የታክሲ ረዳት አፍ ላይ ቀረ። «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! አንድ ሰው!» ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ይህን ያነሳነው በምክንያት ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሳይክል፣ በተለይም ስለ ማውንቴን ባይክና ስለ ውድ ዕቃዎቹ ነው። በሳይክል ዓለምም ባለቤቱ ሄዶ ስሙ የቀረ ነገር ሞልቷል። እንዲያውም ሳይክል በእኛ አገር ምን ታሪክ እንዳለው ለማወቅ የፈለገ ሰው ማኅደር ከማገላበጡ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ጥገና ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቢያዳምጥ ይበጀዋል።

እስቲ እናዳምጥ። «ያንን ካቻቢቴ አቀብለኝ። ዳዶውን ያዘው፣ እንዳይሽከረከር። ፒንሳው የት ገባ? ኩሽኔታው እኮ ደርቋል፤ ግራሶ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም።» ከዚህ ንግግር ግሡን አውጡና የቀረውን ቁጠሩት፤ ዕቃው በሙሉ ጣሊያንኛ ነው። ካቻቢቴ ካቻቪቴ ነው። ብሎን ቡሎኔ ነው። ቸርኬ ክብ ነገር ማለት ከሆነው ቼርኪዮ የመጣ ነው። ካላማዳሪ «ካሜራ ዳሪያ»፣ የአየር ክፍል ነው። ፓራፋንጎ ቃል በቃል ጭቃ መከላከያ ነው። ግራሶ ስብ ነው። ከሁሉ የምንወደው ግን ኩሽኔታን ነው፤ በጣሊያንኛ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ብረት ብረት ላይ ጋደም የሚልባት ትራስ! ካቴናም የዚሁ ቤት ልጅ ናት። በአገሯ ማንኛውም ሰንሰለት ነበረች፤ እኛ ጋ መጥታ ግን ፖሊስ ጣቢያ ተቀጠረች።

እነዚህ ቃላት በአብዛኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት የወረራ ዓመታት፣ ከፊሎቹም በአስመራ በኩል የገቡ ናቸው። ወራሪን ልናመሰግን አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፈሰሰውን ደም ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት ይነግረናል፤ ኩሽኔታ ያንን አያካክስም። ልንል የፈለግነው ሌላ ነው። ቃሉ ብቻውን አልመጣም። ከቃሉ ጋር ዕቃው፣ ከዕቃው ጋር መፍቻው፣ ከመፍቻው ጋር ደግሞ እንዴት እንደሚፈታ በእጁ የሚያሳይ ሰው መጣ። ጋራዥ ውስጥ ረዳት የነበረው ልጅ አየ፣ ነካ፣ ተሰደበ፣ ተማረ። ጌታው ሲሄድ ልጁ ራሱ ጌታ ሆነ። ቃሉ ሳይሞት የቆየው እጁ ስላልሞተ ነው።

ይህ እጅ ሩቅ ሄዷል። አስመራ ላይ የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ሜልቦርን የላከችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም። ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። የጎዳናው ቡድናችን 9ኛ ወጣ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሩጫው ከዚያ በኋላ ታሪኩን ሁሉ ጠቅልሎ ስለወሰደው ሳይክሉን የሚያስታውስ ጠፋ። (እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ አናውቅም ነበር፤ አንቀላምድም።)

ቀጥሎ የመጣው ቻይናዊው ፎኒክስ ነው። ከባድ፣ ጥቁር፣ ባለ አንድ ማርሽ፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳብ። ባሕር ዳር የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ፎኒክስ ለጥገና ባለሙያው አዲስ ቋንቋ አላመጣበትም። ኩሽኔታው ያው ኩሽኔታ፣ ዳዶው ያው ዳዶ ነው። የጎበጠውን በመዶሻ ያቃናል፣ የተሰበረውን ይበይዳል፣ የደረቀውን በግራሶ ያለሰልሳል። ከጣሊያን የተወረሰው እውቀት ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስለትም አርባ ሃምሳ ዓመት አገለገለ ማለት ነው። እኛ ልጆች ሆነን ሜዳ ላይ በዙር እየተከራየን የወደቅንባቸው ሳይክሎች ሁሉ የተጠገኑት በዚያ እውቀት ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የወጣት ቡድን እብደት ጀመረ። ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ታማልፓይስ የሚባል ተራራ አለ። እነ ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝና ቻርሊ ኬሊ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ ከባድ ሳይክሎችን ከቆሻሻ መጣያም ከጓዳም እየሰበሰቡ በጥርጊያ መንገድ ቁልቁል መልቀቅ ያዙ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1976 የመጀመሪያውን ውድድር አደረጉ፤ ቁልቁለቱ «ሪፓክ» ይባላል። ስሙ ከየት መጣ? የሳይክሎቹ ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ፣ የኋላ ሞዞ ውስጥ የተቀበረ ዓይነት ነበር። ታች እስኪደርሱ ድረስ በውስጡ ያለው ግራሶ ጤሶ ያልቃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ሞዞውን ፈትቶ ግራሶ እንደገና መጠቅጠቅ ግድ ነው። «ሪፓክ» ማለት ይኸው ነው። በእኛ ቋንቋ ቁልቁለቱን «ግራሶ ለውጥ» ብለውታል ማለት ነው! የዓለም ባንክ ሳይክል ጠጋኝ በዚያን ቀን እዚያ ቢገኝ ኖሮ አንድም የሚያስቸግረው ነገር አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጆ ብሪዝ ለተራራ ብሎ አዲስ ፍሬም ሠራ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ድርጅት በብዛት የተመረተውን ማውንቴን ባይክ ለገበያ አቀረበ። በ1982 የጃፓኑ ሺማኖ ዲዮር ኤክስ ቲ የሚለውን የተሟላ የተራራ ዕቃ ይዞ ብቅ አለ። (ሺማኖ ራሱ በ1921 ሳካይ ከተማ ውስጥ የኋላ ጥርስ በመሥራት የተጀመረ ቤት ነው።) አትላንታ 1996 ላይ የተራራ ውድድር ኦሎምፒክ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሩጫው የማርሽ ሆነ፦ 8፣ 9፣ 10፣ 11፤ በ2016 የአሜሪካው ስራም 12 አደረሰው። ፍሬኑም ከሽቦ ወደ ዘይት ተሸጋገረ።

እኛ ጋ ይህ ሁሉ የደረሰው በቅደም ተከተል አይደለም። ያገለገለ ሳይክል ሆኖ፣ በዘመድ ሻንጣ ሆኖ፣ አንዳንዴም ፍሬሙ ለብቻው፣ ማርሹ ለብቻው ሆኖ ነው የደረሰው። ፈረንጆቹ 26 ኢንች ጎማን ትተው ወደ 27.5 እና 29 ሲዞሩ ከእጃቸው የወጣው እኛ ጋ «አዲስ ገባ» ተባለ። ዕቃው መጣ፤ መፍቻው አልመጣም። ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ሰው አልመጣም።

ጽጋቡ ግርማይን እናንሳ። በ2008 ዓ.ም. በላምፕሬ ሜሪዳ ማሊያ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እሱ ሲጋልብ ከኋላው መለዋወጫ ሳይክል የጫነ መኪናና መካኒክ ይከተለዋል። የእኛ ልጅ ግን ያንኑ የመሰለ ውድ ማርሽ ገዝቶ ሲገጥም ከኋላው የሚከተለው ሚኒባስ ብቻ ነው፤ ያውም በጥሩምባ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዕቃው የማይገጥመው ለምንድን ነው? በድሮው ሳይክል የኋላ ጥርሱ ሞዞው ላይ በጥርሰ ብሎን ተጠምዝዞ ይገባል። በአዲሱ ግን ካሴት የሚባለው ጥርስ ቦይ ባለው እጅጌ ላይ ሾልኮ ይገባና ጫፉ ላይ ይታሰራል። ሁለቱ ከሩቅ መንታ ይመስላሉ፤ ፈጽሞ አይለዋወጡም። ይባስ ብሎ ሺማኖ በ2018 ለ12 ማርሹ ሌላ ዓይነት ቦይ አወጣ። ስለዚህ ካሴት ከመግዛት በፊት ሞዞውን ማየት ነው። ሰንሰለቱም ያታልላል። ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት በሁሉም ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የ8 ማርሽ ሰንሰለት የ12 ማርሽ ካሴት ላይ የሚሄድ ይመስላል። ወርዱ ግን የመጀመሪያው 7 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ሁለተኛው ከ5 ብዙም የማይበልጥ ነው። ይጨናነቅና ውዱን ጥርስ ይበላዋል።

ሰንሰለት ማለቁን ለማወቅ ደግሞ የፈረንጅ መለኪያ አያስፈልግም፤ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ሃያ አራት አንጓ ስትቆጥሩ ልኩ 12 ኢንች፣ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ፣ 11 ወይም 12 ማርሽ ከሆነ ቀይሩት። «ገና ይሠራል» ብሎ የተወው ሰው ሰንሰለት አድኖ ካሴት ይገዛል። በአዲስ አበባ የበጋ አቧራና የክረምት ጭቃ ይህ ቶሎ ነው የሚመጣው።

እነዚህ ሁሉ የኪስ ጉዳት ናቸው። ፍሬኑ ግን የኪስ አይደለም።

ከመካከላችን አንዱ ያገለገለ፣ የሺማኖ የዘይት ፍሬን ያለው ማውንቴን ባይክ ገዛ። የኋላው ፍሬን ሲጨብጡት ይላላል። ሁላችንም ተሰብስበን «ዘይት ጎድሎት ነው» አልን። የፍሬን ዘይት ደግሞ የመኪና መለዋወጫ ባለበት ሁሉ ይሸጣል፤ ገዛን፣ ሞላን፣ አየሩን በመርፌ አስወጣን፣ እጃችንን ተጨባበጥን። ለጥቂት ቀናት ምላጭ ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ እጀታው ተጣብቆ ቀረ፤ ሲለቅ ደግሞ ጭራሽ አልያዘም። በፊተኛው ፍሬንና በጫማው ሶል እየታገለ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ክርኑ ተገሽልጧል፣ ጫማው ተበልቷል፤ ከፊቱ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ነበሩ። ስለ እነሱ ስናስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነናል።

የሆነው ይህ ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት መሠረቱ ግላይኮል ነው። የሺማኖ ፍሬን የሚሠራው በሚኒራል ዘይት ሲሆን ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች የተሠሩት ለዚያ ነው። ግላይኮል ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ይበላሻሉ። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ አብዛኞቹ የስራም ፍሬኖች ለዓመታት በመኪናው ዓይነት ዘይት የሚሠሩ ስለነበሩ ሚኒራል ዘይት እነሱን ያበላሻል። ስለዚህ ከመሙላት በፊት እጀታው ወይም ማጠራቀሚያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። እኛ አላነበብንም፤ ጽሑፉ እዚያው ነበር። ሌላም አለ፦ ዘይት ወይም ግራሶ ሸራው ላይ ወይም ዲስኩ ላይ ጠብ ካለ ሸራው አብቅቶለታል፤ ዲስኩን አልኮል ያነጻዋል፣ ሸራውን ግን ቀይሩት። ግራሶ መድኃኒት ነው ብሎ ላደገ እጅ ይህ ከባድ ትምህርት ነው።

የተበላሸውን ይዘን ሰፈራችን ወዳሉት አዛውንት ጠጋኝ ሄድን። ፍሬኑን ገልበጥበጥ አድርገው አዩና «ማነው ይህን የሞላው?» አሉ። አንገታችንን ደፋን። «የመኪና ጎሚኒ ናፍጣ ሲነካው እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ሺማኖን በሕይወታቸው ሳይማሩ ነገሩን ከሥሩ ያዙት። የጎደላቸው ብልሃት አይደለም፤ ማን ነግሯቸው? ጥገና ቤታቸውስ ማን ሚኒራል ዘይት አምጥቶ ያውቃል?

ዛሬ የሚጋልበው በዝቷል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተጀመረ፣ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል። ከዓለም ባንክ ወደ ወጨጫ አቅጣጫ ቅዳሜ ማለዳ የሚወጡ ልጆችም አሉ። ምክር ለሚጠይቁን የምንለው ይህን ነው፦ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ጎማ ላይ አውሉት፤ 12 ማርሹ ይቆይ። ሰንሰለቱ ገበያ ላይ የሚገኝ 8 ወይም 9 ማርሽ፣ ሰንሰለቱ በሰው ልመና ከሚመጣ 12 ማርሽ ይሻላል። መለዋወጫ ሸራ ሁለት ጥንድ ያዙ። በሽቦ የሚሳብ ዲስክ ፍሬንም ነውር የለበትም፤ ሽቦ በየትም አለ። ይህን ስንል «ወደ ኋላ የሚመልሱን» ብለው የሚስቁብን ጓደኞች አሉን። ይሳቁ።

በመጨረሻ ጎሚኒውም ዘይቱም ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ደረሰ። ጠርሙሱን ለአዛውንቱ ሰጠናቸው። የሺማኖ ሚኒራል ዘይት ቀላ ያለ ነው። ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፣ ከዚያ በማርከር «ቀይ ዘይት» ብለው ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ትንሽ አሰቡና «አይሆንም» አሉ፤ «የካምቢዮ ዘይትም ቀይ ነው፣ ልጁ ያሳስተዋል።» ሰረዙት። ከሥሩ በትልቁ «የሳይክል ፍሬን ብቻ» ብለው ጽፈው ከግራሶው ቆርቆሮ ራቅ አድርገው ከላይኛው መደርደሪያ ሰቀሉት። ረዳታቸው፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቆሞ ያነብ ነበር።