ሰምጦ የተገኘ ሰው ዳኝነት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከወንዝ ሲወጣ፣ የሞት መርማሪው ቢያንስ 12 የአካባቢውን ሰዎች አስምሎ አስከሬኑን በዓይናቸው ያሳያቸው ነበር፤ ችሎቱም ብዙ ጊዜ መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር። ከ1752 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአንድ ምርመራ 20 ሽልንግ ይከፈለው ነበር። ጥያቄው «እንዴት ሞተ?» ስለሆነ፣ «ሰምጦ ተገኘ» ብቻ ብሎ መዝጋትም ብይን ነበር። በኢትዮጵያ በምኒልክ ዘመን ሌሞን ጨምሮ መላው ሀዲያ የገባበት አገዛዝ ግን የሚያውቀው አፈርሳታን፣ ማለትም አውጫጭኝን ነበር። የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይምል ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር፤ ካልወጣም ካሳውን በጋራ ይከፍል ነበር። እንግዲህ ጥያቄው «ማን ገደለ?» ነበር። የጊቤ ወንዝ ሲሞላ ለተወሰደ መንገደኛ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም።

የጋራው ዕዳ ዘመድ የሌለውን እንግዳ ይጠብቃል የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ እንግሊዝም እስከ 1340 እ.ኤ.አ. ለማይታወቅ ሟች አገሬውን ትቀጣ ነበር። ነገር ግን አስከሬን ማግኘት ዕዳ ከሆነ፣ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ወይም ወደ ታችኛው መንደር መግፋት ያዋጣል (ማንስ ይፈርድበታል?)። መንደሩን ከዚህ ጭንቀት ያወጣው ምርመራውን የፖሊስ ሥራ ያደረገው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።