ከአገር ቤት የመጣው የሽንኩርት ዘር ኢስት ዮርክ ላይ ለምን አይሆንም?

የካቲት ሲገባ ስለ ጓሮ ማሰብ የሚጀምር ቤተሰብ አይጠፋም። ከአገር ቤት ተጠቅልሎ የመጣ የቀይ ሽንኩርት ዘር ያላችሁም ትኖራላችሁ። ጓሮው ተቆፍሮ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ልጆች ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቁ ከርመው፣ በመጨረሻ የሚነቀለው የነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ የሚያክል ነገር ይሆናል። ሰው አፈሩን ይወቅሳል፤ ወይ ብርዱን። ዋናው ምክንያት ግን የቀን ርዝመት ነው።

ነገሩን ከአገር ቤት እንጀምረው። እናቶቻችን «የሀበሻ ሽንኩርት» የሚሉት ትንሹ፣ ቀዩ፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ሽንኩርት እዚህ ሻሎት ከሚባለው ጋር አንድ ወገን ነው። ደገኛው ገበሬ ከዘር ሳይሆን ከራሱ ከኮረቱ ነበር የሚተክለው። አንዱ ተተክሎ ብዙ ሆኖ ይወጣል። ትልልቁ «የፈረንጅ ሽንኩርት» በገበሬው ዘንድ መስፋፋት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው፣ አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ የምርምር ማዕከል ለቆላና ለመስኖ የሚስማሙትን መርጦ አወጣ። «አዳማ ሬድ» እና «ቦምቤይ ሬድ» የሚባሉት የታወቁት ናቸው። ዛሬ ከመቂና ከዝዋይ እስከ ፎገራ ድረስ ሽንኩርት በመስኖ ይመረታል። የሀበሻው ለመላጥ አድካሚ ስለሆነ፣ ትልቁ በየወጥ ቤቱ ቦታውን ወሰደ።

ታዲያ እነዚህ ዝርያዎች የለመዱት ምንድን ነው? አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም። ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ያው ነው ማለት ይቻላል። ቶሮንቶ ላይ ግን ታኅሣሥ ውስጥ 9 ሰዓት ያህል የነበረው ቀን፣ ሰኔ ላይ 15 ሰዓት ተኩል ይጠጋል።

ዕፅዋት የቀንን ርዝመት «እንደሚቆጥሩ» በግልጽ ያሳዩት ጋርነርና አላርድ የተባሉ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1920 ነበር። በ1937 ደግሞ ማግሩደርና ይኸው አላርድ ሽንኩርትን ለብቻው መርምረው፣ እያንዳንዱ ዝርያ ኮረት ለመቋጠር የሚፈልገው የቀን ርዝመት የተለያየ መሆኑን አሳዩ። የአጭር ቀን ሽንኩርት 12 ሰዓት ገደማ ሲደርስ ይቋጥራል። የረጅም ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠብቃል።

እንግዲህ አስቡት፤ የአገር ቤቱን ችግኝ ግንቦት መግቢያ ላይ ስታወጡት ቀኑ 14 ሰዓት ሞልቷል። ገና ሁለት ሦስት ቅጠል እያለው «ጊዜው ደረሰ» ብሎ ይቋጥራል። የሽንኩርት እያንዳንዱ ቅጠል ከሥር አንድ ልባስ ነው የሚሆነው። ቅጠሉ ካነሰ ኮረቱም ያንሳል። የዚህን አገር ዘር ወደ ኢትዮጵያ ብትልኩት ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለኦንታሪዮ የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ400 አውራ ጎዳና ወደ ባሪ ስትሄዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ጥቁር አፈር ሆላንድ ማርሽ ነው። ስሙ ከቀያሹ ከሳሙኤል ሆላንድ የመጣ ነው እንጂ ከአገሩ አይደለም። ረግረጉን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1930 ያደረቁት በፕሮፌሰር ዊልያም ዴይ ሐሳብ ነው። በ1934 የደች ስደተኞች መጥተው ሰፈሩበት፤ ሽንኩርትና ካሮትም ዋና ምርቱ ሆነ። በ1954 ሄዘል የተባለው ማዕበል ሁሉንም አጥለቀለቀው፤ ውሃው በፓምፕ ወጥቶ እንደገና ተዘራ። እነዚያም ስደተኞች ነበሩ፤ የተሳካላቸው ለዚህ ሰማይ የሚስማማውን ዘር ይዘው ነው።

እኛስ? የዘር ፓኬት ስትገዙ «የረጅም ቀን» የሚለውን ፈልጉ። ቀይ ለሚወድ «ሬድ ዊንግ»፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ቢጫ «ፓተርሰን» ይሆናል። ዘሩን በየካቲት መጨረሻ ቤት ውስጥ በመስኮት አጠገብ ዝሩት፤ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት መግቢያ ላይ አውጡት። ቀኑ ከመርዘሙ በፊት ብዙ ቅጠል እንዲያወጣ ነው ጥድፊያው። የሀበሻው ጣዕም ለናፈቃችሁ ደግሞ፣ ለሰሜን አገር የተመረጠ ሻሎት ከኮረቱ ተክሉ፤ እንደ አገር ቤቱ አንዱ ብዙ ይሆናል። ከውጭ ዘር የምታመጡ ካላችሁ ኤርፖርት ላይ ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን አትርሱ።

ልጆቹም ሥራ አይጡ። በየሳምንቱ ቅጠሉን በአማርኛ ይቁጠሩ፤ ስንት ቅጠል እንዳለው ያወቀ ልጅ፣ ሽንኩርቱ ሲቆረጥ ስንት ልባስ እንደሚወጣ አስቀድሞ መገመት ይችላል። ዶሮ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ቁሌቱን ያቀረበው እሱ ነው።