ያገለገለ ስፒድ ቦት ለቤተሰብ፦ ጣና ላይ ከመውረዱ በፊት ምን ይታያል?

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በቆላ ድባ አድርጎ ጎርጎራ ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ለጎንደር ሰው ቅርብ ነው ማለት ነው። ለዚህም ነው "የራሳችን ጀልባ ቢኖረን" የሚለው ሐሳብ ብዙ ቤት ውስጥ የሚነሳው። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ይዞ መውጣት፣ ደብረ ሲና ማርያምን ወይም ደቅ ደሴትን መሳለም፣ ሲመችም እንግዳ ጭኖ ነዳጁን መሸፈን። መጥፎ ሐሳብ አይደለም።

ከዚያ ፎቶው በቴሌግራም ይመጣል። ሹል አፍንጫ፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም፣ ከኋላው ትልቅ ሞተር። ሻጩ "በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይበራል" ይላል። ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የተለካው በባሕር ጠለል ላይ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ተቀምጦበት፣ ውሃው ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው። እናንተ ደግሞ የምትነዱት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከነልጆቻችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሚነሳበት ሐይቅ ላይ ነው።

ስለዚህ የእኛ ምክር አጭር ነው፦ መጀመሪያ ሰው ቁጠሩ፣ ቀጥሎ የጀልባውን አካል፣ ቀጥሎ ሞተሩን እዩ፤ ፍጥነት መጨረሻ ይምጣ። ዝርዝሩ ይኸው።

1. ዛሬ ያላችሁትን ብቻ አትቁጠሩ

ዛሬ አራት ናችሁ እንበል። ከሦስት ዓመት በኋላስ? አንድ ልጅ ይጨመራል፤ አያትም "እኔስ?" ማለታቸው አይቀርም፤ የእህት ልጅም አለ። ዛሬ 12 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን ያኔ ሌላ ክብደት ነው። ጀልባ እንደ ሚኒባስ "ጠጋ ጠጋ በሉ" የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ጀልባው ላይ የተለጠፈ የአቅም ሰሌዳ ካለ እሱን እመኑ። ስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ፣ እስከ ስንት የፈረስ ጉልበት ሞተር እንደሚችል ይናገራል። ሰሌዳው ተነቅሎ ከሆነ ግምት የምታገኙበት መንገድ አለ። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ ከ20 ጫማ (6 ሜትር ገደማ) በታች ለሆኑ ጀልባዎች የሚመክረው ስሌት እንዲህ ነው፦ ርዝመቱን በጫማ ከወርዱ ጋር አባዙ፣ ለ15 አካፍሉ። 16 ጫማ በ6 ጫማ የሆነ ጀልባ 96 ይመጣል፤ ለ15 ሲካፈል 6 ሰው። ያውም ውሃው ሲረጋጋ ነው። ዕቃ ከጫናችሁ ከዚያ ቀንሱ።

ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ጀልባዎች ደግሞ ከኤ እስከ ዲ ደረጃ አላቸው። ዲ የሚባለው ለትንንሽ ማዕበል፣ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ውሃ የተሠራ ነው። ሲ ደግሞ እስከ 2 ሜትር ማዕበል ታስቦ የተሠራ ነው። ለጣና ከሲ በታች ባትወርዱ ይሻላል።

2. ከፍታው ጉልበት ይወስዳል

አየር ሲሳሳ ቤንዚን ሞተር ይደክማል። የተለመደው ግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ነው። ጣና ላይ ይህ ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። 100 የፈረስ ጉልበት ብላችሁ የገዛችሁት ሞተር 82 አካባቢ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው።

ውጤቱ የሚታየው ጀልባው ሲነሳ ነው። ፈጣን ጀልባ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ከውሃው ላይ "መንሳፈፍ" አለበት። ጉልበት ሲያንሰውና ስድስት ሰው ሲጫንበት ግን ቂጡን ሰጥሞ፣ አፍንጫውን ሰማይ አድርጎ፣ ቤንዚን እየጠጣ ይጎተታል። ነጂውም ፊት ለፊቱን አያይም።

መፍትሔው ሁልጊዜ ትልቅ ሞተር መግዛት አይደለም። ጀልባው ከሚችለው በላይ ጉልበት መጫን አደገኛ ነው። በመጀመሪያ ፕሮፔለሩን እዩ። የፕሮፔለሩ ጥምዝ፣ "ፒች" የሚባለው፣ በአንድ ኢንች ሲቀንስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ጀልባ ጣና ላይ አንድ ወይም ሁለት ኢንች ያነሰ ፒች ሊፈልግ ይችላል። ሞተሩ ባለ ካርቡሬተር ከሆነ ደግሞ የነዳጁ መጠን ለከፍታው መስተካከል አለበት፤ ካልሆነ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላም ቶሎ ይበላል።

3. የሆዱ ቅርጽ

ጣና ሰፊ ነው ግን ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ጀልባ በትንሽ ጉልበት ይፈጥናል፤ ማዕበል ላይ ግን ወገብ ይሰብራል። ሹል ሆድ ያለው የእሽቅድምድም ጀልባ ማዕበሉን ይቆርጣል፤ በምትኩ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፣ ቆሞ ሳለም ወደ ጎን ይወዛወዛል። ለቤተሰብ መካከለኛው ይሻላል፤ ጎኑ ከፍ ያለ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሕፃን ልጅ ቆሞ ጎኑ ጉልበቱ ላይ ብቻ ከደረሰ ያ ጀልባ ለእናንተ አይሆንም።

4. አካሉን በእጃችሁ ፈትሹ

ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። የጀልባውን ሆድ በሳንቲም ወይም በትንሽ ፕላስቲክ መዶሻ ቸብ ቸብ አድርጉ። ጤነኛ ፋይበርግላስ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቶ በስብሶ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ እዩ። የሞተሩን የታችኛውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ በብሎኖቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ተዉት። እሱን ማሠራት ሌላ ጀልባ እንደመግዛት ነው። ወለሉ ላይም በእግራችሁ ተራመዱ፤ እንደ ስፖንጅ የሚረግብ ቦታ መኖር የለበትም።

ጀልባው ጨዋማ ባሕር ላይ የሠራ ከሆነ ብረቱን፣ የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹንና የሞተሩን ውስጥ ይበልጥ ፈትሹ። ጨው ሥራውን የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው።

5. ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ

ከመምጣታችሁ በፊት ሞተሩ እንዳይነሳ ለሻጩ ንገሩት። ስትደርሱ መጀመሪያ በእጃችሁ ንኩት፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

የኮምፕሬሽን ምርመራ። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ዋጋው ላይ መነጋገር ሳይሆን መመለስ ነው።

የማርሽ ዘይት። ከታች ያለውን ብሎን ፈትታችሁ ጥቂት አውጡ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

የማቀዝቀዣ ውሃ። ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ጅረት መተኮስ አለበት። ደካማ ከሆነ የውሃ ፓምፑ ወይም መስመሩ ችግር አለበት።

የማጥፊያ ገመድ። ነጂው እጁ ላይ የሚያስረው፣ ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ገመድ ነው። ሞተሩ እየሠራ ንቀሉት፤ ወዲያው መጥፋት አለበት። ቤተሰብ ለሚጭን ጀልባ ይህ የግድ ነው።

ባለሁለት ምት ሞተር ቀላልና ለመጠገን የሚመች ነው፤ ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር ይቀላቀልለታል (ብዙውን ጊዜ 50 ለ 1፤ የሞተሩን መመሪያ ተከተሉ)፣ ጭሱም ብዙ ነው። ባለአራት ምት ይከብዳል፣ ግን ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። መለዋወጫው በቀላሉ የማይገኝ ሞተር ግን የቱንም ያህል አሪፍ ቢሆን ዳር ላይ የቆመ ጌጥ ይሆናል።

6. እምቦጭን አትርሱ

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተለይ የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻውን፣ ደንቢያን ጨምሮ፣ ሲያስቸግር ቆይቷል። ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን ይደፍናል። ሞተሩ ይግላል፤ ካላያችሁት ይነክሳል። ስለዚህ ወደ ላይ በቀላሉ የሚነሳ ሞተር ምረጡ፣ የሙቀት ማስጠንቀቂያው መሥራቱን አረጋግጡ፣ ቢላዋና መቅዘፊያም ከጀልባው አይጥፋ።

7. ልጆች

በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዘሎ የገባ ሁሉ ሐይቅ ላይ ዋናተኛ አይደለም። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ልጆች በየክብደታቸው። የአዋቂ ጃኬት ሕፃን ላይ ቢታሰር ሲወድቅ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ለትንንሾች በእግር መካከል የሚታሰር ማሰሪያ ያለውና አንገት የሚደግፈውን ግዙ። ልጁ በየዓመቱ ስለሚያድግ ጃኬቱም ይቀየራል፤ ይህን ከጀልባው ዋጋ ጋር አብራችሁ አስሉት።

ሞተሩ እየሠራ ልጅ ከኋላ አይቀመጥ። ፕሮፔለሩ እዚያ ነው፤ ሽታ የሌለው መርዛማ ጭስም እዚያ ይጠራቀማል። ሞተሩ ውስጥ የተገጠመ ጀልባ ከሆነ ከመነሳቱ በፊት የአየር ማራገቢያውን ቢያንስ 4 ደቂቃ አሠሩት፤ የተጠራቀመ የቤንዚን ትነት ይፈነዳል።

8. ነዳጁን አስሉ

ባለ 100 ፈረስ ሞተር ሙሉ በሙሉ ሲነዳ በሰዓት 30 ሊትር እና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ከጎርጎራ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሒሳቡን በዛሬው የቤንዚን ዋጋ ራሳችሁ ሥሩት። ነዳጅ በጀሪካን እንዴት እንደምትቀዱም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። የጀልባ ሰዎች ደንብ ይህ ነው፦ አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ ለመጠባበቂያ።

ሰዓቱም ሒሳብ ነው። ጣና ጠዋት ይረጋል፣ ከሰዓት ይነሳል። በክረምት ደግሞ ድንገተኛ ዝናብና ነፋስ አለ። በጠዋት ወጥታችሁ በጊዜ ተመለሱ። አካባቢው ያለበትን የጸጥታ ሁኔታም ከመነሳታችሁ በፊት ከቦታው ሰው አጣሩ።

9. ወረቀትና ተሳቢ

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የባለቤትነት ማስረጃ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ የሞተሩ ቁጥር እና የጀልባው አካል ቁጥር ይታዩ። ብዙ የውጭ ጀልባዎች ከኋላ በቀኝ በኩል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አላቸው። ከ1984 እ.ኤ.አ. በኋላ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ። ደላላው "2015 ነው" ብሎ ቁጥሩ 98 ካለ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ስለ ምዝገባና ስለ ብቃት ማረጋገጫ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንን እና የክልሉን ትራንስፖርት ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በተለይ እንግዳ በክፍያ ልትጭኑ ካሰባችሁ።

ጎንደር ቤታችሁ ልታቆሙት ከሆነ ተሳቢውም ይታይ። ከጎንደር ወደ ሐይቁ ቁልቁል ነው፤ ስትመለሱ ዳገት ነው። የተሳቢው ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬንና መብራት ከሞተሩ እኩል ይፈተሹ።

10. ታንኳ ላይ ያለው ሰው

ጣና ላይ ብቻችሁን አይደላችሁም። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም፤ ፈጣን ጀልባ በአጠገቡ ሲበርር የሚነሳው ማዕበል ሊገለብጠው ይችላል። ታንኳ ስታዩ ከሩቁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ራቅ ብላችሁ እለፉ። ጉማሬ ባለበት ዳርቻም እንዲሁ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የተቃጠለ ዘይት ውሃው ውስጥ መድፋት ነውር ብቻ ሳይሆን የራስን ምንጭ መመረዝ ነው።

በመጨረሻ

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ከሻጩ ጋር ብቻችሁን ሳይሆን፣ ልትጭኑት ያሰባችሁትን ክብደት ያህል ጭናችሁ ውጡ፤ ለሙከራ ልጅ አታውጡ፣ አዋቂ ወይም ውሃ የሞላ ጀሪካን ይበቃል። ጀልባው ከተነሳ፣ ፊት ለፊት ከታያችሁ፣ ሞተሩ ካልጋለ፣ ወለሉ ውስጥ ውሃ ካልገባ ያኔ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ። ሻጩ "ሰው ጭኖ መሞከር አያስፈልግም" ካለ አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ። ጀልባ ሌላም ይገኛል።

ጀልባ ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ፣ ቀብድ ሳይከፍል ይህን ላኩለት።