ቃርሚያ፦ የወደቀው ዛላ የማን ነው?

መፀው የመከር ወራት ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 በሚዘልቀው በዚህ ወቅት አዝመራው ይታጨዳል፤ ይከመራል፤ ይወቃል። ስለ አጫጁ ጉልበት፣ ስለ ደቦው ዘፈንና ስለ አውድማው በረከት ብዙ ተብሏል። ከአጫጁ ኋላ ጎንበስ ብሎ ከማጭድ ያመለጠውን ዛላ ስለሚለቅመው ቃራሚ ግን የተባለው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ቃርሚያ ከእርሻ ሥራ ጋር አብሮ የኖረ፣ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ደስታና የራሱ ትግል ያለው ታሪክ ነው። የታሪኩም ቁም ነገር በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፤ መሬት ላይ የወደቀው ዛላ የማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ጥንታዊ መልሶች አንዱ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ይገኛል። ባለ እርሻው የማሳውን ዳርቻ ፈጽሞ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም ታዟል፤ ያ የድኻውና የመጻተኛው ድርሻ ነውና። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ትእዛዙ ባለ እርሻውን «ስጥ» የሚል ሳይሆን «አትንካ» የሚል መሆኑ ነው። ሞዓባዊቷ ሩት ባሏ የሞተባት ባዕድ ሴት ስትሆን፣ በቤተ ልሔም ማሳ የቃረመችው በዚህ ሥርዓት ጥላ ሥር ነበር። በምሳ ሰዓት ከአጫጆቹ ጎን ተቀምጣ የተጠበሰ እሸት በላች፤ ጠገበች፤ አተረፈችም። ማታ የለቀመችውን ብትወቃው አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነ። የቃርሚያ ደስታ ከዚህ ይመነጫል፤ ቃራሚው ለማኝ አይደለም፤ የሚበላው የወገቡን ድካም ነው።

በእንግሊዝ ገጠርም አዝመራው ተነሥቶ መፀው ሲቃረብ፣ ሴቶችና ሕፃናት ወደ ማሳ ይወጡ ነበር። በብዙ አጥቢያዎች የቤተ ክርስቲያን ደወል ጠዋት የቃርሚያውን መጀመሪያ፣ ማታ ደግሞ ማብቂያውን ያበሥራል። ብርቱው ደካማውን ቀድሞ እንዳይለቅም ሁሉም በአንድ ሰዓት ይጀምራል። የተለቀመው ስንዴ ተፈጭቶ ለክረምቱ ብርድ ዳቦ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1788 ግን ሜሪ ሃውተን የተባለች ሴት በሰፎክ አውራጃ፣ በቲምዎርዝ መንደር በመቃረሟ ተከሰሰች። ዳኞቹም 3 ለ 1 በሆነ ድምፅ «በአገሪቱ ሕግ የመቃረም መብት የለም» ሲሉ ወሰኑ። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ጉልድ የሙሴን ሕግና የቆየውን ልማድ ጠቅሰው ተከራክረው ነበር። ዘመኑ የጋራ ግጦሹና የጋራ መሬቱ እየታጠረ ለባለ ሀብቱ የሚሰጥበት ዘመን መሆኑን ስናስታውስ፣ ፍርዱ ከየት እንደ መነጨ እንረዳለን። ሴቶቹ ግን ማሳውን ለቀው አልሄዱም። ከፍርዱ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ማሽን ማሳውን ጠርጎ እስኪወስድባቸው ድረስ ቃርመዋል።

ኪነ ጥበብም ይህን ታሪክ ሳትመሰክር አላለፈችም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ፍራንሷ ሚሌ እ.ኤ.አ. በ1857 «ቃራሚዎቹ» የተሰኘውን ሥዕል በፓሪስ ለትርኢት አቀረበ። ሦስት ሴቶች ከፊት ጎንበስ ብለዋል፤ ከሩቅ የባለ ሀብቱ ክምር ተራራ አክሏል፤ በፈረስ የተቀመጠ አለቃም ይቆጣጠራል። የ1848ቱ አብዮት ድንጋጤ ያልለቀቃቸው ሐያስያን ሥዕሉን እንደ ዛቻ ቆጠሩት። ሚሌ በ3,000 ፍራንክ የሸጠው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1889 በ300,000 ፍራንክ ተሸጠ። የቃራሚዋ ምስል የወርቅ ዋጋ ሲያወጣ፣ የቃራሚዋ ኑሮ ግን በነበረበት ቀረ።

ጥያቄው በባለ ሀብት ሥርዓት ብቻ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1932 በሶቪየት ኅብረት የወጣው ድንጋጌ የጋራ እርሻን ንብረት የሰረቀ በጥይት እንዲቀጣ፣ ማቅለያ ሲገኝ ደግሞ ከ10 ዓመት በማያንስ እስራት እንዲቀጣ አዘዘ። ረኀብ በበረታበት በዚያ ወቅት ከማሳ ጥቂት ዛላ የለቀሙ ገበሬዎች በዚሁ ተቀጡ፤ ሕዝቡም ድንጋጌውን «የዛላ ሕግ» አለው። ከዚህ የምንማረው፣ ማሳው የግል ይባል የጋራ፣ የወደቀው ዛላ ለተራበው ካልተፈቀደ የባለቤቱ ስም መለወጥ ብቻውን ፍትሕ አለመሆኑን ነው።

በአገራችን ቃርሚያ ቆሎ ሆኖ ተቆርጥሟል፤ ንፍሮ ሆኖ ተበልቷል። ቋንቋችንም አክብሮታል፤ ሊቅ ከየመጻሕፍቱ ዕውቀት ሲሰበስብ «ቃረመ» እንላለን። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ኮምባይነር በሚያጭድበት በአሁኑ ዘመን፣ ማን ይቃርም እንደ ነበር፣ በምን ስምምነትና በምን ዘፈን እንደ ነበር የሚያስታውሱ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ያስፈልጋል። የገጠሩ መምህር በደብተሩ፣ ሠዓሊው በሸራው ይህን ቢቃርሙ፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ሳያነሡት ያለፉት ዛላ መሬት ላይ አይቀርም።