ከወሎ መቅሪያ እስከ አዝሀር ሪዋቅ

ዐረብኛን በዩኒቨርሲቲ ስለ መማር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ስኮላርሺፕንና የኤምባሲ ደጅ ጥናትን ነው። እኔ ወሎ ተወልጄ ካይሮ የተማርኩ የዐረብኛ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል በገባሁ ቁጥር ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ግን ሌላ ነው። ዐረብኛ ፍለጋ የሚኬድበትን ይህን መንገድ አባቶቻችን በእግርና በጀልባ ከጀመሩት ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል።

የአል-አዝሀር መስጊድ ግንባታ የተጀመረው በፋጢማውያን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ970 ነው። ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች በዘመናት ውስጥ በመስጊዱ «ሪዋቅ» የሚባል የየራሳቸው ማደሪያና መማሪያ አገኙ፤ የመግሪቦች፣ የሻሞች፣ የቱርኮች እየተባለ ይጠራል። ከእነዚህ አንዱ የጀበርት ሪዋቅ ነበር፤ ከዘይላዕና ከኢትዮጵያ ምድር ለሚመጡ ሙስሊሞች የተመደበ። ሪዋቁ የራሱ ሸህ ነበረው፤ ተማሪው ከወቅፍ (ለበጎ ሥራ ከተሰጠ ንብረት) በሚገኝ ገቢ የዳቦ ድርሻ ይቆረጥለት ነበር። ስንቁን ጨርሶ ለደረሰ የሩቅ አገር ልጅ ይህ ዳቦ ትምህርቱን የሚያስቀጥል ነገር ነው።

ከዚያ መንገድ አንድ ትልቅ ስም ወጥቷል። ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወር ካይሮ ሆኖ ያየውን ጽፏል። ሰባተኛ አያቱ ከጀበርት ምድር ተነስተው ጅዳን፣ መካንና መዲናን ረግጠው ካይሮ የገቡ ሰው ናቸው፤ የሪዋቁ ሸህ ሆኑ፣ ሹመቱም ከልጅ ወደ ልጅ ዘለቀ። አባቱ ሐሰን አል-ጀበርቲ የሒሳብና የፈለክ ሊቅ ነበሩ። አውሮፓውያን ሳይቀሩ ጂኦሜትሪ ሊማሩ ወደ እሳቸው ይመጡ እንደነበር ልጃቸው መዝግቧል።

ባሕር ያልተሻገረውስ? እሱም ከትምህርቱ አልራቀም። ወሎ ውስጥ ዳና፣ ገታ፣ ጀማ ንጉሥ ስማቸው የገነነ መቅሪያዎች (የዕውቀት ቦታዎች) ናቸው። ደረሳው (ተማሪው) ለፊቅህ (ለእስልምና ሕግ) አንዱን ሸህ፣ ለነህው (ለሰዋስው) ሌላውን እየፈለገ ከአገር አገር ይዞራል፤ የሚበላውን የሚሰጠው መንደሩ ነው። ነህው በአጅሩሚያ ይጀመራል፤ ፌዝ ላይ የኖረው ኢብን አጅሩም (በ1323 ሞተ) የጻፋት አጭር ኪታብ ናት። የበረታ ወደ አልፊያ ይሻገራል፤ አንዳሉስ ተወልዶ ደማስቆ የሞተው ኢብን ማሊክ የዐረብኛን ሰዋስው በአንድ ሺህ ያህል ስንኝ የቋጠረበት ነው። አዝሀር ምሰሶ ሥር የሚቀራው ኪታብ ወሎ ተራራ ላይም ይቀራ ነበር።

አያቴ ነህው ያቀሩ (ያስተምሩ) ነበር፤ ልጅ ሆኜ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። ደረሳው «ዶረበ ዘይዱን ዐምረን» ብሎ ያነባል። አያቴ ያስቆሙታል።

«ዘይድ ምንድን ነው?»

«ፋዒል ነው፤ መቺው።»

«በምን ታወቀ?»

«መጨረሻው ‹ኡ› ብሏል።»

«ዐምርስ?»

«መፍዑል፤ ተመቺው። ‹አ› ብሏል።»

ከዚያ በአማርኛ ይደግሙታል፦ «ዘይድ ዐምርን መታ»። ዐምር ላይ ያረፈችውን «ን» ጫን ብለው ይጠሯታል፤ ደረሳው ዐረብኛ በአናባቢ የሚሠራውን የራሱ ቋንቋ በአንድ ፊደል እንደሚሠራው ያኔ ይገባዋል። «ነህው ለንግግር እንደ ጨው ለወጥ ነው» የሚለውን የዐረቦች አባባል መጀመሪያ የሰማሁትም ከአያቴ ነው። ካይሮ የንግግር ክፍሎችን ትንታኔ ስንማር ከጎኔ የተቀመጡት ሲጨነቁ እኔ የማውቀው አገር የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

አዝሀር ራሱ ተለውጧል። በ1930 የወጣው ሕግ የዐረብኛ ቋንቋ፣ የሸሪዓና የኡሱሉዲን ኮሌጆችን አቋቋመ፤ በ1961 ሕክምናና ምህንድስና የመሳሰሉት ተጨመሩ። ምሰሶ ሥር የነበረው ሐለቃ (ሸህን ከብቦ መማር) የትምህርት ክፍል ሆነ፤ ኢጃዛው (የማስተማር ፈቃዱ) ዲግሪ ሆነ። የወሎ መቅሪያ ግን ከዩኒቨርሲቲ ደጅ ውጭ ቀረ። ታሪኩን ወደ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ካመጡት ቀዳሚው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር የነበሩት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ወሎ ውስጥ ስለነበረው እስልምና የጻፉት መጽሐፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የወሎ ሸኾች መምህራንና ደራስያን መሆናቸው ለዓለም ተነገረ። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ሕዝቡን ያስተማሩት ሸህ ጦልሐ ጀዕፈርም ከዚሁ ትውፊት የወጡ ናቸው።

ስለዚህ አገራችን ውስጥ ዐረብኛ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ሁለት ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ነህው ቀርቶ የመጣን ደረሳ ከፊደል ቆጠራ አያስጀምረው፤ ፈትኖ ዕውቀቱን ይቁጠርለት። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቹን በየቤቱ በሣጥን የተቀመጡትን የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ፎቶ እንዲያነሱና እንዲመዘግቡ ይላካቸው፤ ኪታቡ ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ። ኅዳጉ ላይ የተጻፈውን ሐተታ የሚያነቡ ሸኾች ዛሬም አሉ፤ ደመወዝ ተቆርጦላቸው ክፍል ገብተው ያቅሩ።